በሐምሌ ሙቀት፦ ቬኒስ ወይስ ዱብሮቭኒክ?

የጣሊያኗ ቬኒስም የክሮኤሽያዋ ዱብሮቭኒክም የባሕር ዳር ጥንታዊ ከተሞች ናቸው፤ ሁለቱም በሐምሌ በሰው ይጨናነቃሉ። መዋኘት ለሚወድ ግን ዱብሮቭኒክ ትበልጣለች። ወደ 2 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን የከተማዋን ግንብ በጠዋት፣ በሩ እንደተከፈተ መዞር ነው። ግንቡ ላይ ጥላ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያ በፕሎቼ በር ወጥቶ ባንዬ ዳርቻ ላይ ባሕሩ ውስጥ ዘው ማለት ነው። እንዴት ደስ ይላል!

ቬኒስ ቦዮች ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው። ለዋና ቫፖሬቶ በሚባለው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ ወደ ሊዶ ደሴት መሻገር ያስፈልጋል። በሥዕልና በሕንፃ ግን ዱብሮቭኒክ አትደርስባትም። ቬኒስን ከመረጣችሁ እዚያው እደሩ። ማታ የቀን ጎብኚው ሲሄድ የቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ፋታ ያገኛል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተመረጡ ቀናት የቀን ጎብኚ የከተማዋን የመግቢያ ክፍያ ይጠየቃል፤ አዳሪ ከዚህ ነፃ ነው።