ክላምፕ ሜትር ሲገዙ፦ ዲቲ266፣ ዩኒቲ ዩቲ210ኢ ወይስ ፍሉክ 323?

ፒያሳም ሆነ መርካቶ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ በመንጋጋው አቅፎ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ሲጠይቁ ሻጩ ቀድሞ የሚያነሳው "እስከ 1000 አምፔር ይለካል" የሚለውን ነው። ይህ ቁጥር ቤትና ቢሮ ለሚሠራ ሰው ብዙም አይረባውም። 3.5 ኪሎዋት የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት የሚስበው 16 አምፔር ገደማ ነው። ይልቅ የሚለኩት ኤሲ (የቤት መብራት መስመር) ብቻ ነው ወይስ ዲሲም (ባትሪና ሶላር)? የሚሠሩትስ ሶኬት ላይ፣ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ወይስ ከቆጣሪ በፊት? ምርጫውን የሚወስነው ይህ ነው።

ዲቲ266 ከሦስቱ ርካሹ ነው። መንጋጋው 50 ሚሊሜትር ስለሚከፈት ወፍራም የጄኔሬተር ገመድ ያቅፋል። ከረንት የሚለካው ግን በኤሲ ብቻ ነው፤ ትሩ አርኤምኤስም (የከረንቱ ቅርጽ ቢዛባም በትክክል የሚለካ) አይደለም። ምጣድና ውሃ ማሞቂያ ላይ ችግር የለውም። ኮምፒውተርና ኤልኢዲ መብራት የበዛበት የካዛንቺስ ቢሮ ውስጥ ግን የከረንቱ ቅርጽ የተዛባ ስለሆነ እስከ 40 በመቶ አሳንሶ ሊያነብ ይችላል። ብሬከሩ እየወደቀ ሜትሩ "ጭነቱ ትንሽ ነው" ይላል፤ ባለሙያውም ጤነኛ ብሬከር ይቀይራል።

ዩቲ210ኢ ትሩ አርኤምኤስ ነው፣ ኤሲም ዲሲም እስከ 100 አምፔር ይለካል፣ በ2 አምፔር ሬንጅ ላይ 1 ሚሊአምፔር ይለያል። ለሶላር ባትሪ፣ ለኢንቨርተርና ለመኪና ከሦስቱ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው። ዲሲ ከመለካትዎ በፊት ባዶ መንጋጋውን ገመዱ አጠገብ አድርገው የዜሮ ቁልፉን ይጫኑ፤ አለበለዚያ በአካባቢው ያለው መግነጢስ ውጤቱ ላይ ይደመራል። ጉድለቱ መንጋጋው 17 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ነው።

ፍሉክ 323 በጣም ውድ ነው። ትሩ አርኤምኤስ፣ 400 አምፔር ኤሲ፣ 30 ሚሊሜትር መንጋጋ አለው፤ የዲሲ ከረንት ግን አይለካም። ይህን ሳያውቅ ለሶላር ሥራ የገዛ ሰው ገንዘቡን አባከነ ማለት ነው። ዋጋው የሚከፈለው ለደኅንነቱ ነው፤ ይህን የሚያሳየው ካት ነው፣ ማለትም ሜትሩ በየትኛው የመስመር ክፍልና እስከ ስንት ቮልት በደኅና እንደሚሠራ የሚናገር ደረጃ፦ ካት 3 600 ቮልት፣ ካት 4 300 ቮልት። ዩቲ210ኢ ካት 2 600 እና ካት 3 300 ነው። ቮልቱ የሚታሰበው ከመሬት አንጻር ስለሆነ በ380 ቮልት ሦስት ፌዝ ሳጥን ውስጥ እያንዳንዱ ፌዝ 220 ነው፤ ስለዚህ ዩቲ210ኢ ለብሬከር ሳጥን ይበቃል። ከቆጣሪ በፊት ባለው መስመር ግን ካት 4 ያስፈልጋል፤ እዚያ አጭር ዙር ቢፈጠር ፍንዳታውን ቶሎ የሚያቋርጥ ብሬከር የለም። ዲቲ266 በብዙ ስም ስለሚመረት የተጻፈበትን ካት ብቻ አምነው ፕሮቡን (የሜትሩን መለኪያ ሽቦ ጫፍ) ሳጥን ውስጥ አይክተቱ።

የትኛውንም ቢገዙ፣ መንጋጋው ማቀፍ ያለበት አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ፌዝና ኒውትራል አንድ ላይ ከገቡ መግነጢሳቸው ይጠፋፋና ዜሮ ይነበባል፤ ዜሮ አይቶ "መስመሩ ሞቷል" ብሎ የሚነካ ሰው አደጋ ላይ ነው። የዩቲ210ኢ ያለንክኪ ቮልቴጅ ጠቋሚም ዝም ስላለ አይመኑት። መስመር መጥፋቱን በፕሮብ ይለኩ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ሜትሩን መብራት ባለው ሶኬት ይሞክሩት። ከረንት ሲለኩ ፕሮቦቹን ይንቀሉ፣ ጣትዎን ከመያዣው ከፍ ካለው ጠርዝ አያሳልፉ፣ ሽፋን የሌለው ባስባር (ሳጥን ውስጥ ያለ ወፍራም የብረት ማከፋፈያ) አያቅፉ።

ሱቅ ሲሄዱ የውጭ ሽፋኑ በጥንቃቄ ተልጦ የውስጥ ሽቦዎቹ ፕላስቲክ ሳይነካ የተለያየ አጭር ኤክስቴንሽን ይዘው ይሂዱ። 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ሰክተው ፌዙን ብቻ ይቀፉ፤ 220 ቮልት ካለ 9 አምፔር አካባቢ መታየት አለበት። መንጋጋውን ደጋግመው ከፍተው ዝጉት፦ ጫፎቹ ሳይገጥሙ ክፍተት ከቀረ ንባቡ ይወርዳል፣ ያን ዕቃ አይግዙ።