ሙሉ ክፍያ ተቀብለው ሌላ ቤት የሚሰጡ የተራራ ሥር አከራዮችን ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ንዴቴ ሳይበርድ ነው። ከበረደ በኋላ ብጽፈው ቃላቴ ይለሳለሳሉ፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ለስላሳ ቃል አይገባቸውም።

ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ማስታወቂያው ላይ ከእንጨት የተሠራ ቤት፣ ከጀርባው ጉም የለበሰ ተራራ፣ ሳሎኑ ውስጥ የሚንቦገቦግ እሳት። ስትጠይቋቸው ፈጥነው ይመልሳሉ፤ «ለዚያ ቅዳሜና እሁድ ሌላ ፈላጊ አለ፣ ቀብዱን ዛሬ አስገቡ» ይላሉ። ቀብዱ ከገባ በኋላ ቀሪው አስቀድሞ ካልተከፈለ ቁልፍ የለም ይባላል። እኛም ከጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ሙሉውን ከፈልን። ከመክፈላችን በፊት የትኛው ቤት እንደሆነ ለይተን፣ ስንት አልጋ እንዳለው አረጋግጠን ነበር። ከመካከላችን አንዷ አስም ስላለባት ስለ ማሞቂያው ደጋግመን ጠይቀን «አለው» የሚል የጽሑፍ መልስ ተሰጥቶናል። ቤቱ ተጸድቶ የሚያልቀው አመሻሽ ላይ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ አትምጡ ያሉንም እነሱ ናቸው።

ስንደርስ ጨልሟል። ፎቶው ላይ ያየነው ቤት ከፊታችን ቆሟል። መስኮቶቹ በርተዋል፣ ከጭስ ማውጫው ጭስ ይወጣል፣ ከውስጥ የሰዎች ሳቅ ይሰማል። ተቆጣጣሪው ሰላምታ እንኳን ሳይሰጠን የእጅ ባትሪውን ወደ ጓሮው አዞረና «የእናንተ በዚያ በኩል ነው» አለን። የተሳሳተ መስሎን ፎቶውን ከስልካችን ላይ ልናሳየው ሞከርን። ዞር ብሎም አላየው። «እሱን የያዙት ሌሎች ናቸው፤ ብዙ ቀን ይቆያሉ። እናንተ ለማደሪያ ምን አነሳችሁ?» አለ። ቦታው ላይ ቆመን ለባለቤቱ ደወልን። በመልእክት ሲያግባባን የሰነበተው ያው ሰው ነው። ጮክ ብሎ አልተናገረም፣ አላስተባበለም፣ ይቅርታም አልጠየቀም። «ካልተመቻችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ገንዘቡ ግን አይመለስም። በዚህ ጨለማ ያንን መንገድ የምትወርዱት ከሆነ እንግዲህ በርቱ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ተቆጣጣሪው አጠገባችን ሆኖ ይህን ሁሉ ሲሰማ ፈገግ አለ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ሰውየው ውል ማፍረሱን አልካደም። የተማመነው በጨለማው፣ በመንገዱ ጠመዝማዛነትና በአካባቢው ሌላ ማደሪያ አለመኖሩ ነው። አመሻሽ ላይ ኑ የተባልንበት ምክንያት የገባኝም ያን ጊዜ ነው።

የተሰጠን ክፍል ግድግዳው ረጥቧል፣ ፍራሾቹ እርጥበት እርጥበት ይሸታሉ፣ የእሳት ማንደጃው ቀዳዳ በሲሚንቶ ተደፍኗል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ተራራ ላይ ቤት የሚያከራይ ሰው ብርዱን ከእኛ በላይ ያውቀዋል። በረደን ስንለው ተቆጣጣሪው ምን ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው? የተቀጣጠለ ከሰል! መስኮት በሌለው ክፍል መካከል አስቀምጦ «ሙቀቱ እንዳያመልጥ በሩን ዝጉት» አለን። አስም ላለባት ልጅ! አስም ባይኖርባትስ? ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ነው። የነቃ ሰው ራሱን ሲያመውና ሲያቅለሸልሸው ሊጠረጥር ይችላል፤ የተኛ ሰው ግን ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ከሰሉን ወደ ውጭ ስናወጣው «እንዲህ ያለ ቅምጥል እንግዳ አይቼ አላውቅም» ብሎን ሄደ። ልብሳችንን ደራርበን፣ ተጠጋግተን ተቀምጠን አነጋን።

ጠዋት ስንወጣ ደግሞ ፍራሽ አቆሽሻችኋል ተብለን ማስያዣውን ከለከሉን። ቆሻሻው ስንገባም ነበረ፤ ገና ስንገባ ያነሳነው ፎቶ አለን። ፎቶውን ከመልእክቶቹ ጋር አያይዘን ክፍያውን ለፈጸምንበት ባንክ ቅሬታ አስገብተናል።

ለምትሄዱ ሁሉ፦ ቀሪውን ክፍያ ቤቱን ገብታችሁ ሳታዩ አትክፈሉ፤ በዚህ የማይስማማ አከራይ ካጋጠማችሁ ተዉት። በቀን ብርሃን ድረሱ፤ አመሻሽ ላይ ካልሆነ የሚላችሁን አትስሙት። ከሰል ይዞ የሚመጣም ካለ፣ የፈለገ ቢበርዳችሁ፣ በር አትክፈቱለት።