ጥንዚዛ ልኬ አፈር የመጣልኝ ላቦራቶሪ

ከአምስት ሦስት ኮከብ። ስማቸውን አልጠራም፣ ግማሹ ጥፋት የኔ ነውና። አገልግሎቱ ቀላል ነው፤ ናሙናችሁን በደረቅ በረዶ አሽጋችሁ በፖስታ ትልካላችሁ፣ እነሱ ዲኤንኤውን አውጥተው 16ኤስ የሚባለውን የባክቴሪያ ጂን ያነቡና ምን ምን ባክቴሪያ እንዳለበት ዝርዝሩን ይልኩላችኋል።

እኔ የላክሁት ሃርፓለስ ፔንሲልቫኒከስ የሚባል የመሬት ጥንዚዛ ነው። እዚህ አዮዋ ነሐሴና መስከረም ላይ መብራት ስር ሳይቀር የሚርመሰመስ ጥቁር ጥንዚዛ። ብዙዎቹ ዘመዶቹ ሥጋ በል ናቸው፣ ይሄ ግን የአረም ዘርም ይቆረጥማል። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት እነዚህ ጥንዚዛዎች አንቲባዮቲክ ሲሰጣቸው የሚበሉት ዘር ቀነሰ፤ የነፍሳት እንቁላል ሲቀርብላቸው ግን እንደ ድሮው በሉ። ዘሩን ለመብላት የሚያግዛቸው አንጀታቸው ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ይመስላል፣ ዋናው ተጠርጣሪም ኢንቴሮኮከስ ፌካሊስ። እኔን የከነከነኝ ታዲያ፣ በቆሎ ማሳ ውስጥ የሚኖረውና አጠገቡ ፕሬሪ በሚባለው የሣር ሜዳ ውስጥ የሚኖረው ጥንዚዛ አንጀታቸው ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አንድ ነው ወይ?

ውጤቱ በቀጠሮው ቀን መጣ፣ በዚህ አይታሙም። ስዕሉም ያምራል። እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ጥንዚዛ ነው፤ የማሳዎቹ ነጥቦች በአንድ ወገን፣ የሣሮቹ በሌላ ወገን፣ ተለያይተው ቁጭ! ላፕቶፔን ይዤ አማካሪዬ ቢሮ ሮጥኩ። እሷ ስዕሉን ትታ ዝርዝሩን ወረድ ወረድ አደረገችና «ይሄ ሁሉ አሲዶባክቴሪያ ጥንዚዛ ውስጥ ምን ይሠራል? አፈሩንስ ልከሃል?» አለችኝ። አሲዶባክቴሪያ አፈር ውስጥ በብዛት የሚገኝ የባክቴሪያ ወገን ነው። አፈሩን ግን አልላክሁማ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ላቦራቶሪው ጥንዚዛውን ሙሉውን ፈጭቶታል። ቅጹ ላይ «ነፍሳት» የሚለው ላይ ብቻ ነው ምልክት ያደረግሁት፣ እነሱም አልጠየቁኝም። ሙሉው ሲፈጭ እግሩ ላይ የተለጠፈው ጭቃ፣ ከምግቡ ጋር የዋጠው አፈር፣ ሴሎቹ ውስጥ የሚኖር ወልባኪያ የሚባል ባክቴሪያ ካለም እሱ ጭምር፣ ሁሉም «የአንጀት ባክቴሪያ» ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ያ የሚያምር ስዕል የነገረኝ የማሳ አፈርና የሣር አፈር እንደሚለያዩ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ደግሞ ገበሬው በነጻ ይነግረኝ ነበር።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ባዶ ቱቦው ነው። ዲኤንኤ ማውጫው ኬሚካል ራሱ የባክቴሪያ ዲኤንኤ አያጣውም፣ እንደ ነፍሳት አንጀት ትንሽ የሆነ ናሙና ላይ ደግሞ ይህ ቆሻሻ ጎልቶ ይወጣል፤ ስለዚህ ምንም ያልገባበት ቱቦ አብሮ መነበብ አለበት። እነዚህ ካልጠየቃችኋቸው አያነቡትም፣ ከጠየቃችኋቸው እንደ አንድ ናሙና ያስከፍሏችኋል። ሆቴል ገብቶ ለሳህን ማጠቢያ ለብቻ እንደመክፈል።

ላለመዋሸት፣ ኢሜይል ስጽፍላቸው በማግስቱ መለሱ፣ ጥሬ ዳታውን ሳይጨቃጨቁ ሰጡኝ፣ የተረፈውን ዲኤንኤም አልጣሉትም።

አሁን ብልጥ ሆኛለሁ። ጥንዚዛዎቹን መሬት በቀበርኩት ደረቅ ኩባያ ከነሕይወታቸው እይዛለሁ፣ አንድ ቀን አስርባቸዋለሁ፣ ከዚያ ፍሪዘር ገብተው ሲሞቱ ውጫቸውን በበረኪና አጥቤ አንጀታቸውን ራሴ አወጣለሁ። የመጀመሪያዎቹ አራት አንጀቶች መቆንጠጫዬ ላይ ተበጠሱ፣ አምስተኛው ወጣ። ሰኞ ሁለተኛውን ሳጥን ልኬያለሁ፤ በዚህኛው ከሁለቱም ቦታ የተቆፈረ አፈርም ባዶ ቱቦም አለበት፣ ለባዶውም ከፍያለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ኮከቡን አስተካክላለሁ።