ባለ 1000 ሚሊግራሙ የዓሣ ዘይት ለድብርት ያዋጣል?

ፋርማሲ ገብቶ «ለድብርት የሚሆን ቫይታሚን አላችሁ?» ለሚል ሰው ቶሎ ከመደርደሪያ የሚወርድለት ባለ 1000 ሚሊግራም የዓሣ ዘይት ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን ደካማ ዕቃ ነው።

ከፊት በትልቁ የተጻፈው 1000 የዘይቱ ክብደት ነው። ጀርባውን አዙራችሁ ደቃቁን ጽሑፍ ስታነቡ አብዛኛውን ጊዜ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ይላል፤ ሁለቱም ኦሜጋ 3 የሚባለው የዓሣ ስብ ዓይነቶች ናቸው። ዋናው ኦሜጋ 3 ይኸው 300 ሚሊግራም ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ሌላ የዓሣ ስብ ነው። በድብርት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ደህና ውጤት የታየው ኢፒኤው ከሁለቱ ድምር 60 በመቶና ከዚያ በላይ ሆኖ፣ በቀን ከ1 እስከ 2 ግራም ሲወሰድ ነው፤ ያውም ከሐኪም መድኃኒት ጋር ተደርቦ እንጂ በምትኩ አይደለም። የዚህኛው ድርሻ 60 በመቶ ይሞላል፣ መጠኑ ግን አይደርስም። 1 ግራም ኢፒኤ ለማግኘት በቀን 6 ፍሬ መዋጥ ያስፈልጋል፤ 60 ፍሬ የያዘው ብልቃጥ በ10 ቀን አለቀ ማለት ነው። በፍሬ 500 ኢፒኤ ያለው ከተገኘ 2 ፍሬ ይበቃል፤ ዋጋው እጥፍ ቢሆን እንኳ የሚረክሰው እሱ ነው።

ጤነኛ ሰው «እንዳይዘኝ» ብሎ ቢወስደውስ? አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ በሆኑ ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ተሞክሮ፣ በቀን አንድ ባለ 1 ግራም ፍሬ ድብርትን አልተከላከለም (2021 እ.ኤ.አ.)።

ሲገዙ አንዱን ፍሬ በመርፌ ወግቶ ማሽተት ነው። ቀለል ያለ የዓሣ ሽታ ችግር የለውም፤ ደጋግሞ የተጠበሰበት ዘይት ዓይነት ከከረፋ ተበላሽቷል። ይህ ዘይት አየር፣ ሙቀትና ብርሃን ቶሎ ያበላሹታል፤ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ የተደረደረውን አትንኩ። የሎሚ ጣዕም የተጨመረበት ደግሞ ክርፋቱን ይሸፍናል። በባዶ ሆድ ከመዋጥ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይሻላል፤ ሰውነት በደንብ ይወስደዋል፣ የዓሣ ሽታ ያለው ግሳቱም ይቀንሳል። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

«የዓሣ ጉበት ዘይት» የሚለው ሌላ ዕቃ ነው። ቫይታሚን ኤ ስላለበት ኢፒኤውን ለመሙላት ፍሬ መደራረብ አይቻልም፤ ነፍሰ ጡር በተለይ ትጠንቀቅ።

ለጿሚ ደግሞ ሽፋኑም ጣጣ አለው፤ ጄላቲኑ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ ሊሆን ስለሚችል ይጠየቅ። ተልባ ተቆልቶና ተወቅጦ ለአንጀት ግሩም ነው፤ ኦሜጋ 3ቱ ግን ኤኤልኤ የሚባለው ዓይነት ሆኖ ሰውነት ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከባሕር አልጌ የሚሠራውም አለ፤ ብዙው ዲኤችኤ የሚያመዝንበት ስለሆነ እሱንም ጀርባውን አንብቡ።