ፎም ሮለር ልትገዙ ከሆነ ሳትከፍቱ አትክፈሉ

ለታላቁ ሩጫ የምትዘጋጁ፣ ወይም ጂም ጀምራችሁ እግራችሁ የተሳሰረባችሁና ፎም ሮለር (ጡንቻ ለማፍታታት ላዩ ላይ የሚንከባለሉበት ድብልብል የስፖርት ዕቃ) ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብር ከማስተላለፋችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ።

እኔ የገዛሁት ከአንድ የቴሌግራም ቻናል ነው። ፎቶው ላይ ያለው ውስጡ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ የገባበት፣ ላዩ ጉብጉብ ያለ ጥቁር ሮለር ነው። ዋጋ 2,900 ብር፤ «የቀረን 3 ፍሬ ብቻ» ይላል። ስደውል ሻጩ በትህትና «እህቴ፣ ኦሪጅናል ነው፤ ቀድመሽ በቴሌብር ካስገባሽ ማድረሻው በእኛ ነው» አለኝ። አስገባሁ። ማታ አንድ ልጅ በሞተር ይዞልኝ መጣ፤ በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሎ ዙሪያውን በፕላስተር ታሽጓል። ልጁ ስለቸኮለ በር ላይ ተቀብዬ ሸኘሁት።

የመጀመሪያው ቀን ባቴን ሳሳርፍበት መሃሉ ረገብ አለ። አዲስ ስለሆነ ነው ብዬ ተውኩት። በዘጠነኛው ቀን ሽፋኑ በማስቲሽ የተጣበቀበት መስመር ተላቀቀና ውስጡን አየሁት። የፕላስቲክ ቱቦ የሚባል ነገር የለውም። ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ዓይነት ነጭ ፎም ተጠቅልሎ፣ ላዩ ላይ ስስ ጥቁር ስፖንጅ አልብሰውታል።

ብሩ ያንገበግበኛል። የእህቴ ነገር ግን ከብሩ ይበልጣል። ማስታወቂያው ሥር «ለዲስክ መንሸራተት፣ ለወገብ ሕመም፣ ቦርጭ ለማጥፋት» የሚል ተጽፏል። ታላቅ እህቴ አስተማሪ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ወገቧን ያማታል። እኔ ሥራ በሄድኩበት፣ የተጻፈውን አምና በወገቧ ተንከባለለችበት። መሃሉ ሲሰረጉድ ወገቧ ተለመጠ፤ ሦስት ቀን ካልጋ መውረድ አቅቷት ከረመች። በኋላ የወሰድኳት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዳስረዳችን፣ የላይኛውን ጀርባ የጎድን አጥንት ደግፎ ይይዘዋል፤ የታችኛው ወገብ ግን ያ ድጋፍ ስለሌለው ሮለር በቀጥታ አይደረግበትም። ዲስክ ያለበት ሰው ደግሞ ሳይመረመር ጭራሽ መሞከር የለበትም።

ሮለር ራሱ መጥፎ ዕቃ አይደለም፤ እኔም ጥሩውን ጂም ውስጥ ተጠቅሜበት ስለማውቅ ነው ለመግዛት የተነሳሁት። ከከባድ ሩጫ ማግስት የሚመጣውን የባትና የጭን ሕመም በመጠኑ ያቀልላል። ከልምምድ በፊት ሲደረግም እግር ለጥቂት ደቂቃ ይፍታታል፤ ያ መፍታታት ግን ቶሎ ይጠፋል፤ ዘላቂ መተጣጠፍ የሚገኘው አዘውትሮ በማሳሳብ ነው። ለአንድ ጡንቻ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ፣ ቀስ እያሉ ማንከባለል ይበቃል። አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ አይደረግም። ቦርጭ አያጠፋም። «ላክቲክ አሲድ ያስወጣል» የሚሏችሁንም አትመኑ፤ ሩጫ ካቆማችሁ ሰውነታችሁ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ያጠራዋል፤ በማግስቱ የሚያማችሁ ያልለመደው ሥራ ጡንቻው ላይ ባደረሰው ጥቃቅን ጉዳት ነው። እግሩ ውስጥ ደም የረጋበት ወይም አጥንቱ የሳሳ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከገዛችሁ እንግዲህ ዕቃው እፊታችሁ ተከፍቶ፣ አይታችሁ ክፈሉ። ጫፍና ጫፉን እዩ፤ ባለ ቱቦ ተብሎ የተሸጠላችሁ ከሆነ የቱቦው ውፍረት ከዚያ ይታያል። በአውራ ጣት ተጫኑት፤ ጣታችሁን ስታነሱ ወዲያው ካልተመለሰ ተዉት። መሬት ላይ አድርጋችሁ በሁለት ጉልበት ውጡበት፤ የሰው ክብደት ሊችል የተሠራ ዕቃ ነውና ሻጩ ይህን ከከለከለ ምክንያት አለው። ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸት፣ ስፌት ወይም የተጣበቀ መስመር ያለው ሽፋን ካያችሁ መልሱለት። ለጀማሪ በጣም ደረቁንና ሾጣጣ ጉብ ያለውን አልመክርም፤ ገላ ያበልዛል። ብር ካጠራችሁ የቴኒስ ኳስ ለእግር መዳፍና ለመቀመጫ ጡንቻ ይሠራል፤ እኔም አሁን በእሱ ነው ያለሁት።

ስለ ብሬ ስደውል «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አለኝና ዘጋው። ቀጥሎ ቁጥሬን አገደው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ብሩ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። እኔን ያሰረኝ ደረሰኝ አለመቀበሌ ነው። በእጄ ያለው የቴሌብር መልእክት ብቻ ነው፤ እሱም የመጣው በግለሰብ ስም እንጂ በድርጅት ስም አይደለም። እናንተ ደረሰኝ ከሌለው አትግዙ። የማስታወቂያውን ፎቶና ጽሑፍም ሳይጠፋ ስልካችሁ ላይ አስቀሩት።

ትናንት በእህቴ ስልክ ቻናሉን ከፍተን አየነው። ፎቶው አልተነሳም። የዲስኩም የቦርጩም ነገር እንዳለ ነው፤ «የቀረን 3 ፍሬ ብቻ» ይላል አሁንም።