ረቡዕ ረቡዕ ወደ እጥበት ክፍላችን ለሚመጣው ክራር ደርዳሪ

ደሴ ላይ በየሳምንቱ ረቡዕ ክራሩን ይዞ ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍላችን ለሚመጣው ወንድማችን ምስጋናችን ይድረሰው። ስሜ ይቅር ስላለ አልጻፍነውም። ለሌሎች ክፍሎችና ለአረጋውያን መጦሪያዎች ሳንጠቁመው ማለፍ ግን ንፉግነት ይሆንብናል። የባቲና የአምባሰል አገር ላይ ጎበዝ ደርዳሪ አይጠፋም፤ መቼ ዝም ማለት እንዳለበት የሚያውቅ ነው ብርቁ።

እጥበት አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት ይፈጃል። ታካሚ ማሽን ላይ ሲገባና ሲወጣ የነርሷ ዓይን መርፌና ቱቦ ላይ ነው፤ ስለዚህ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ክራሩ ከከረጢቱ አይወጣም። መሀል ላይ 40 ደቂቃ ያህል ይጫወታል። ግርፍ የለ፣ ማጉያ የለ፤ በጣት መደርደር ብቻ። ማሽን ሲጮህ መሰማት አለበት። ሲጮህም መዳፉን ክሮቹ ላይ ጭኖ ያፍናቸውና ነርሷ ጨርሳ እስክትዞር ይጠብቃል።

ሞቅ ያለ ነገር ሲጠየቅ «አብሽሩ፣ እሱን ለሰርግ እናቆየው» ይልና ወደ ትዝታ ይመልሳቸዋል። ልክ ነው። ወሎዬ ሞቅ ያለ ዘፈን ሰምቶ ትከሻውን አያሳርፍም፤ መርፌ ያለበት እጅ ካጨበጨበ ደግሞ መርፌው ሊወልቅ ይችላል። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም በሚዘዋወርበት ቱቦ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

የሚይዘው ሁለት ክራር ነው፤ አንዱ በትዝታ፣ አንዱ በባቲ የተቃኘ። ክፍል ውስጥ ቅኝት መቀየር ራሱን ለሚያመው ሰው ቅጣት ነው። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ የክራሩ ቆዳ ይረግብና ድምፁ ይደፈናል፤ ስለዚህ 20 ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል፣ ደረቅ ቦታ ያቆየዋል፣ ኮሪደር ላይ ይቃኘዋል። እንጨቱን በሳሙና ውሃ ነክረን በጨመቅነው ጨርቅ እንወለውላለን። ቆዳውን አልኮል አታስነኩት፤ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል። ማሲንቆ ተጫዋች ከጋበዛችሁ የደጋኑን ጭራ ሙጫ ውጭ ይቀባው፤ ብናኙ ለሚያስል ሰው አይሆንም።

ታካሚ በታካሚ ጠይቁ። አንድ ሰው እንኳ «ዛሬ ይቅርብኝ» ካለ በዚያ ፈረቃ አይገባም። በረመዳንና በዐቢይ ጾም ዘፈን የማይፈልግ ብዙ ነው፣ በኛ አገር ደግሞ ሁለቱም ጎን ለጎን ነው የሚተኙት። ያኔ መንዙማ የሚያዜም ወይም በገና የሚደረድር ሰው እሱው ይጠቁማችኋል።

ግንባር ላይ ብር መለጠፍ አይፈቀድ። የንጽሕናው ነገር እንዳለ ሆኖ፣ የሌለው ታካሚ ይሸማቀቃል። አበልና ትራንስፖርቱን ቀድማችሁ ተስማሙና በፖስታ ስጡት።

ኃላፊዎቻችሁ «ሙዚቃ ምን ሊሠራ?» ካሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ3,000 በላይ ጥናቶችን የቃኘ የጥበብና የጤና ሪፖርት አውጥቷል፤ እሱን አሳዩዋቸው። ክራር ኩላሊት አያድንም፤ አራቱን ሰዓት ግን ያሳጥረዋል።

የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልን፣ እናገናኛለን። ረቡዕ ግን የኛ ነው።