ብሬን ያስመለሰችልኝ ልደታ ያለች የጠበቃ ቢሮ፦ የማይከፍል ክሊየንት ላለበት ፍሪላንሰር

ቪዲዮ ኤዲተር ነኝ፣ አዲስ አበባ በፍሪላንስ ነው የምሰራው። አንድ ሬስቶራንት (ስሙን አልጠራም) ለመክፈቻው ሶስት አጫጭር ቪዲዮ በ48,000 ብር ተስማምተን 14,400 ቀብድ በቴሌብር ላከልኝ፣ ሰራሁ፣ አስረከብኩ፣ ፖስት አደረጉት፣ ቀሪዋን 33,600 ስጠይቅ "ሰኞ ደውልልኝ" ተጀመረ። ሰኞ ስደውል ፋይናንሷ ወሊድ ላይ ናት፣ በሌላኛው ሰኞ ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ወጥቷል፣ ከዛ ጭራሽ ስልክ ማንሳት ቀረ። እንዲህ እያለ አራት ወር ሄደ። በዛ ብር የቤት ኪራይ ልከፍል ነበር ያሰብኩት፣ ከእህቴ ተበድሬ ከፈልኩ። እኔ ሌሊት ቁጭ ብዬ የሰራሁት ቪዲዮ ፔጃቸው ላይ ሲሽከረከር እያየሁ ብድር መጠየቅ በጣም ነው የሚያመው።

ጓደኛዬ ነው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ያሉ አንድ ጠበቃ ጋ የላከኝ። ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን አልጽፍም ግን አገልግሎታቸውን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ጠበቃ ማለት ክስ፣ ክስ ማለት ደግሞ የዓመት ቀጠሮ ነበር የሚመስለኝ። የሄድኩት ግን ለክስ አይደለም፣ ለማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። ምክርና ደብዳቤውን ጨምሮ 2,500 ብር ከፈልኩ፣ ደረሰኝ ቆርጠውልኛል።

ሴትዮዋ ሃምሳ ዓመት አካባቢ የሚሆናቸው ናቸው፣ ገና ሳልቀመጥ "ውል አለህ?" አሉኝ። የለኝም፣ ሁሉም ነገር በቴሌግራም ነው አልኳቸው፣ አፍሬ ነበር። "ቴሌግራሙስ ምን ሆነ ልጄ፣ አምጣው" አሉኝ። እንዲህ ያለ ውል የግድ በወረቀት መሆን አለበት የሚል ሕግ የለም፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 1719 ላይ ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር በምንም መንገድ መዋዋል ይቻላል፣ ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው አሉኝ። ከዛ ስልኬን ወስደው ከመጀመሪያው ቻት ጀምሮ ወደ ታች ማንበብ ጀመሩ። ሃያ ደቂቃ የሚሆን ዝም ብለው አነበቡ። ዋጋ የተስማማንበትን፣ ፋይሉን የላኩበትን ቀን፣ የቴሌብሩን ማረጋገጫ ሁሉንም ስክሪንሾት አስደርገው ፕሪንት አስወጡ፣ ከዛ አንዷን ወረቀት ለብቻ አወጡና በቀይ እስክሪብቶ አከበቡ። የሬስቶራንቱ ሰውዬ "በጣም ቆንጆ ነው ወንድሜ፣ እሁድ ፖስት እናደርገዋለን" ያለበት ሜሴጅ ነው። እኔ አራት ወር ሙሉ ያንን ሜሴጅ እያየሁ የምናደድበት ነበር እንጂ ስራውን ተረክቦ ወዶታል የሚል ማስረጃ ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው። ስድብ የለውም፣ ዛቻ የለውም። ምን እንደተስማማን፣ መቼ እንዳስረከብኩ፣ ስንት እንደቀረ፣ በ10 ቀን ውስጥ ካልተከፈለ ክስ እንደሚቀርብና 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ እንደሚጠየቅ ይላል፣ በቃ። ማስጠንቀቂያው ዝም ብሎ ማስፈራሪያ እንዳልሆነም አስረዱኝ፣ ሕጉ ራሱ 1772 ላይ ከክስ በፊት ማስጠንቀቂያ ስጥ ስለሚል ነገ ፍርድ ቤት ብሄድ መንገዴ የተስተካከለ ይሆናል ማለት ነው። አንዱን በሪኮማንዴ ፖስታ ላክን፣ ሌላውን እኔ ራሴ ወስጄ ለኔ በሚቀረው ኮፒ ላይ አስፈርሜ ተመለስኩ።

በአራተኛው ቀን ደወለ። አራት ወር ስልክ ያላነሳ ሰው!

መጀመሪያ "ሙሉውን በወር መጨረሻ ቼክ ልጻፍልህ" አለኝ። ጠበቃዋ እምቢ በል አሉ፣ 20,000 አሁኑኑ ትራንስፈር ያድርግ፣ 13,600ውን በቼክ ይስጥ፣ ግን መጀመሪያ ቀሪ ዕዳውን አምኖ በማህተም ይፈርም። ለምን ብዬ ስጠይቅ፣ ልኩ የታወቀ ገንዘብ በፊርማ ከታመነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ 284 መሰረት በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል፣ እዛ ተከሳሹ መከላከያ ለማቅረብ ራሱ መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት አሉኝ። ቼኩ ደግሞ ስንቅ ከሌለው፣ ማለትም ባንክ ውስጥ በቂ ብር ከሌለ፣ ነገሩ ወደ ወንጀል ይሄዳል። ሰውየው ተስማማ፣ ቼኩም በቀኑ ተመነዘረ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ያልወደድኩትም አለ። ቀጠሮ ይዤ ሄጄ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ያስጠበቁኝ፣ ጸሐፊዋ "ችሎት ላይ ናቸው" ከማለት ውጪ ምንም አትነግርህም። ከዛ በላይ ግን፣ የመጀመሪያው ድራፍት ላይ ደብዳቤው የተጻፈው ታፔላው ላይ ባለው ስም ነበር፣ ድርጅቱ ግን ንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ ስም ያለው ፒኤልሲ ነው። ሬስቶራንቱ ቀደም ብሎ የሰጠኝ ደረሰኝ ቤቴ ባይኖር አላየውም ነበር። ለጠበቃዋ ነግሬያቸው አስተካከሉ፣ ተጨማሪ ብርም አልጠየቁኝም፣ ግን እሱን ማጣራት የነሱ ስራ ነበር። በትክክለኛው ስም ያልተላከ ማስጠንቀቂያ ተቀባዩ "እኔን አይመለከተኝም" ሊልበት ይችላል።

ለማን ይሆናል? እንደኔ አዲስ አበባ ውስጥ ላለ፣ አድራሻው ለሚታወቅ ክሊየንት በጣም አሪፍ ነው። ክሊየንታችሁ ውጭ ሀገር ከሆነ ይሄ ደብዳቤ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ እዛ አፕወርክ (የፍሪላንስ ስራ ድረ ገጽ) ላይ እንዳለው ብሩ ስራ ሳይጀመር ኢስክሮው ውስጥ፣ ማለትም ሶስተኛ ወገን ጋ በአደራ፣ ቢገባ ነው የሚሻለው። ቀሪው 3,000 ብር ለሆነም 2,500 ከፍሎ ማስጻፍ አያዋጣም፣ ግን ቢያንስ ቻቱን አታጥፉ፣ በተለይ ስራውን ያመሰገኑበትን።

የምትሄዱ ከሆነ ቻታችሁን ቀድማችሁ ስክሪንሾት አድርጉ፣ የክሊየንቱን ደረሰኝ ወይም ቲን ያለበት ወረቀት ካላችሁ ያዙ፣ እና ከሰዓት ሂዱ፣ ጠዋት ችሎት ስላለባቸው ቢሮ አይገኙም።